ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ለምትገዙ፦ የቧንቧ ጋዝ፣ ፕሮፔን ወይስ ሂት ፓምፕ?

ቤት ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ ኪችኑ ላይ ነው። ቤዝመንት ወርዶ ማሞቂያው በምን እንደሚሠራ የሚያይ ጥቂት ነው። ብርዱ ሲመጣ ግን ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው።

የቧንቧ ጋዝ እዚህ አካባቢ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜሪላንድ ራሷ ይህ ነው የሚባል ምርት የላትም፤ ፍራኪንግንም (ድንጋይ በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣትን) በ2017 በሕግ ከልክላለች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ግን ከቴክሳስ ቀጥላ የአሜሪካ ሁለተኛ የጋዝ አምራች ናት። ከቴክሳስ ተነስቶ ኒውዮርክ የሚደርሰው ትልቁ የትራንስኮ የጋዝ ቧንቧ መስመርም በእኛው ሰፈር ያልፋል። ስለዚህ ቦስተን ያለ ዘመዳችሁ «ጋዝ ገደለን» ቢላችሁ አትደንግጡ። ኒው ኢንግላንድ የራሷ ምርት የላትም፤ ብርዱ ሲጠና ቧንቧዎቹ ይሞሉና ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ይገባል። እኛ ዘንድ በተቃራኒው ነው፤ ሜሪላንድ ያለው ኮቭ ፖይንት የሚባለው የፈሳሽ ጋዝ ወደብ ከ2018 ጀምሮ ጋዝ ወደ ውጭ ይልካል። ዋጋው ግን አይጨምርም አላልኩም። ኤክስፖርቱም፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫውም፣ የእናንተ ፈርነስም የሚሻሙት ያንኑ ጋዝ ነው።

የቧንቧው ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፣ ትንሽ ኤቴን አለበት። ከምዕራብ ፔንሲልቬንያ የሚወጣው «እርጥብ» ጋዝ ግን ፕሮፔንም ስላለበት ቧንቧ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተለይቶ ይወጣል። ቅልቅሉ ስለሚለያይ የጋዝ ቢላችሁ ላይ ቆጣሪው የቆጠረውን ወደ ቴርም (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚቀይር፣ 1.03 አካባቢ የሆነ ቁጥር ታያላችሁ። የምትከፍሉት ለሙቀቱ ነውና።

ንጽጽሩም በሙቀት ይሁን። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው፤ ቢቲዩም አነስተኛ የሙቀት መለኪያ ነው። ያንን ለማግኘት ፕሮፔን 1.1 ጋሎን ገደማ፣ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሂት ፓምፕ ሙቀቱን ከውጭ አየር ስለሚስብ ከሲሶው ጋር በተቀራረበ መብራት ይጨርሰዋል። ለምሳሌ ቴርሙን 1.50 ዶላር፣ ፕሮፔኑን በጋሎን 3 ዶላር፣ መብራቱን በኪሎዋት ሰዓት 16 ሳንቲም እንበል። ፈርነሱ ከሚያቃጥለው 95 በመቶውን ወደ ቤቱ ሙቀት ከቀየረ፣ ያው ሙቀት በጋዝ 1.58፣ በሂት ፓምፕ 1.56፣ በፕሮፔን 3.45፣ በተራ ኤሌክትሪክ 4.69 ዶላር ይመጣል። የራሳችሁን ዋጋ አስገቡና አስሉት።

ጋዝና ሂት ፓምፕ በዋጋ ከተቀራረቡ ወሳኙ ሌላ ነው። ፈርነሱ አዲስ ከሆነ አትንኩት። ኤሲው አርጅቶ መቀየሩ ካልቀረ ግን ሂት ፓምፕ አስገቡ፣ ያው ዕቃ በጋ ያቀዘቅዛል፣ በብርድ ያሞቃል። ጋዙን ለምድጃ ብቻ ማቆየት አያዋጣም፤ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ወርኃዊው ቋሚ ክፍያ አይቀርም። እንጀራው እንደሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሽንኩርት ለማቁላላት «እሳት ካላየሁ» የምትሉ ካላችሁ ግን አልከራከርም።

ፕሮፔን የሚያጋጥማችሁ ቧንቧ ባልደረሰበት ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ነው። ቤቱ ሰፊ፣ ዋጋው ደህና ይሆንና ልባችሁን ይሰርቀዋል። ያኔ መጀመሪያ «ታንኩ የማን ነው?» በሉ። የኪራይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ድርጅት ብቻ ነው የምታስሞሉት፣ ዋጋ አወዳድሮ መግዛት የለም። ባለ 500 ጋሎን ታንክ የሚሞላው 80 በመቶ ነው፣ ማለትም 400 ጋሎን፤ በአንዴ የሚወጣውን ገንዘብ ገምቱት። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ቤዝመንት ውስጥ ይተኛል፤ ሚቴን ግን ወደ ላይ ይሄዳል። ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ምድጃም ጋዙ የሚወጣበት አፍንጫው ሳይቀየር ፕሮፔን ላይ አይገጠምም፣ ነበልባሉ አለቅጥ ይተልቃል፣ ጥላሸት ያወጣል። እንዲህ ያለ ቤት ከወደዳችሁ ማሞቂያውን ወደ ሂት ፓምፕ ቀይሩና ፕሮፔኑን ለጄኔሬተር ተዉት።

ግድግዳው ሥር ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተደረደረበት ቤት ከሆነ፣ የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ተደራደሩ። የትኛውም ይሁን፣ ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት የጃንዋሪና የፌብሩዋሪን ቢል ጠይቁ።