የአጎቴን የመቃብር ድንጋይ ያደሰልን ቀራጭ

አጎቴ ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ ሲመጣ ነው የወደቀው። የመቃብሩን ጽሑፍ ፀሐይና አቧራ በልቶት ስሙ እንኳ አይነበብም ነበር። ድንጋዩን ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ አንድ የእብነ በረድ ቀራጭ ጋ ወሰድነው።

እጁ ወርቅ ነው። ፊደሉን በመሮ ቆፍሮ ጥቁር ቀለም ይሞላዋል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ቀጠሮ ግን አያውቅም! ሐሙስ ያለው በሳምንቱ ማክሰኞ ደረሰ። ከሰዓት ደግሞ አትሂዱ፣ ጫት ላይ ነው።

መጀመሪያ «አስር አለቃ» ብሎ ጽፎት ነበር፤ አጎቴ ሃምሳ አለቃ ነው። እናቴ «ልጄ፣ ሰው ሞቶ ማዕረግ ይቀነስበታል?» ስትለው አፍሮ ሌላ ድንጋይ አወጣ። ጭማሪ አልጠየቀም።

ሊተክል የመጣ ቀን አጠገቡ ጠያቂ ያጣ የወታደር መቃብር አየ። አረሙን ነቅሎ የደበዘዘውን ስም በተረፈው ቀለም አጠቆረለት። ማንም አላዘዘውም።