ትኬት ቆራጯም ሥራ አስኪያጇም አንድ ሰው የሆኑበት የኦፔራ ቡድን

በአዳራሹ ደጃፍ ትኬቴን ተቀብለው ያስገቡኝን ሴት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጎን ቆመው የዋናውን ዘፋኝ የካባ ቁልፍ ሲተክሉ አየኋቸው። ትርዒቱ ሲጀመር ደግሞ በመጨረሻው ረድፍ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠው ከመድረኩ በላይ የሚበራውን ትርጉም መስመር በመስመር ያሳልፉ ነበር። የቡድኑ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው ሌላ ቋሚ ሰው የሚባሉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ ሙዚቀኞቹን የሚመራው የሙዚቃ ዳይሬክተር፣ ሁለተኛዋ ትወናውን የምታቀናው ወጣት አዘጋጅ ናት፤ ዘፋኞቹና ሙዚቀኞቹ ለየትርዒቱ በውል የሚመጡ ናቸው። እስካሁን ሁለት ሥራዎቻቸውን ተመልክቻለሁ። ስለ ዘፋኞቹ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ስለ እነዚህ ሦስት ሰዎች አሠራር መጻፍ የመረጥኩት፣ በትልቅ የኦፔራ ቤት ከቢሮ ደጅ የማይወጣው የአስተዳደር ውሳኔ 120 ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ከመቀመጫዬ ሆኜ ስለሚሰማኝ ነው።

ከውሳኔዎች ሁሉ የሚቀድመው የሥራ ምርጫ ነው። በቅርቡ ያቀረቡት የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የፔርጎሌሲን «ላ ሴርቫ ፓድሮና» ሲሆን፣ በአማርኛ «እመቤት የሆነችው ገረድ» ብንለው ያስኬዳል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1733 በኔፕልስ ከተማ፣ በሳን ባርቶሎሜዎ ቴአትር፣ የዚያው አቀናባሪ ረጅምና ኮስታራ ኦፔራ በሚታይበት ምሽት በገቢሮቹ መካከል ተመልካቹን ዘና እንዲያደርግ የተዘጋጀ ቀልድ ነበር። ዛሬ ያ ኮስታራው ኦፔራ ከስሙ በቀር ብዙም አይነሣም፤ ቀልዱ ግን ይኸው ይዘፈናል። ርዝመቱ 45 ደቂቃ ገደማ ነው። የሚዘፍኑት ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ጌታው ኡቤርቶና ገረዱ ሰርፒና ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ገጸ ባሕርይ፣ አሽከሩ ቬስፖኔ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በምልክት ይጫወታል። አጃቢዎቹ ባለ ክር መሣሪያዎችና ከፒያኖ በፊት የነበረው ባለ ክር ኪቦርድ፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ናቸው። መዘምራን የለበትም፣ የትዕይንት ለውጥ አይጠይቅም፣ ደራሲው በ26 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1736 ስለሞተም እንደ ዘመናችን አቀናባሪዎች ሥራ የባለመብት ክፍያ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ትንሽ ቡድን ይህን ሲመርጥ አንድም ነገር ሳይቀንስ፣ ደራሲው ባሰበው ልክ ሊያቀርበው ይችላል።

ይህን የምለው ያለፈውን ስለማስታውስ ነው። አምና እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1896 በቱሪን ከተማ የታየውን የፑቺኒን «ላ ቦኤም» በዘጠኝ ሙዚቀኞች አቅርበው ነበር። የመጀመሪያው ገቢር፣ ብርድ የመታቸው ወጣቶች በጣራ ሥር ክፍላቸው የሚጫወቱበት፣ በትንሹ አዳራሽ እንዲያውም ይበልጥ አማረ፤ ሻማው ሲጠፋና ሁለቱ ወለሉን እየዳሰሱ ቁልፉን ሲፈልጉ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ገቢር ግን ጎዳና ሙሉ ሕዝብ፣ የልጆች መዘምራንና በመድረክ ላይ የሚያልፍ ማርሽ ባንድ የሚፈልግ ነው። እነርሱ ያንን ሁሉ በአራት ሰዎችና በአንድ ከበሮ ሊሞሉት ሞከሩ። ከትርዒቱ በኋላ ሥራ አስኪያጇ፣ አስተያየቴን ሳልደብቅ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛውን ገቢር እኔም ሳየው ዐይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉኝ። ጥፋታቸውን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ ዘንድሮ ወደ ፔርጎሌሲ መዞራቸውም ከዚያ የተገኘ ትምህርት ይመስለኛል።

የሙዚቃ ዳይሬክተሩ በትር አይዝም። ኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ በግራ እጁ የባሱን መስመር፣ በቀኙ አጃቢ ድምፆቹን እየተጫወተ፣ ለሁለቱ ቫዮሊኖች፣ ለቪዮላውና ለቼሎው መግቢያቸውን በአንገቱ ንቅናቄ ይሰጣል። ይህ የሰው ቁጥር ለመቆጠብ የተፈጠረ ዘዴ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦፔራ በአብዛኛው የሚመራው እንዲህ ከሃርፕሲኮርዱ ላይ ሲሆን፣ በትር ይዞ ፊት ለፊት የሚቆመው መሪ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ለዜማ ሳይሆን ለንግግር በቀረበው ክፍል፣ ሬሲታቲቭ በሚባለው ላይ ነበር። ሶፕራኖዋ፣ ማለት ባለ ቀጭን ድምፅ ሴት ዘፋኟ፣ አንድ ቃል ላይ ቆም ብላ በዐይኗ ስትቀልድ፣ እርሱም ኪቦርዱን ሳይነካ እጁን በአየር ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃታል፤ ቃሏ ሲወጣ ኮርዱም አብሮ ይወርዳል። ከልምምድ ብዛት በቀር እንዲህ ያለ መግባባት አይመጣም።

ቅሬታዬ ኪቦርዱ ራሱ ላይ ነው። የሃርፕሲኮርድን ድምፅ እንዲያስመስል የተደረገ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲሆን፣ ድምፁ የሚወጣው ከጠረጴዛው ሥር ከተቀመጠ ስፒከር ነበር። አራቱ ባለ ክር መሣሪያዎች በእንጨታቸው እየተነፈሱ ሲጫወቱ፣ እርሱ ብቻ ከሌላ ክፍል እንደተከፈተ ሬዲዮ ይሰማል። ለመድረኩ ግድግዳ ሥዕል የወጣው ገንዘብ እውነተኛ ሃርፕሲኮርድ ለመከራየት ቢውል ኖሮ፣ ባዶ ግድግዳ እያየሁ ብሰማ እመርጥ ነበር።

ዘፋኞቹ ማይክሮፎን አይጠቀሙም፤ ይህም የአስተዳደሩ ጽኑ አቋም ነው። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ፣ በተለይ የወንዶቹ፣ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል ስለሚያጎላና የኦርኬስትራው ድምፅ ደግሞ በዚያው አካባቢ ስለሚሳሳ፣ በትልቅ አዳራሽ እንኳ ያለማጉያ ተለይቶ ይሰማል። በትንሽ አዳራሽ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ኡቤርቶን የተጫወተው ባስ፣ ማለት ባለ ወፍራም ድምፅ ወንድ ዘፋኝ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሁለት ሺህ ሰው ፊት እንደቆመ ሆኖ ስለዘፈነ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት ወደኋላ ሸሸት ሲሉ ተመልክቻለሁ። ሰርፒናን የተጫወተችው ሶፕራኖ ግን ከመግቢያዋ ጀምሮ አዳራሹን ለክታዋለች፤ አንዳንዱን ሐረግ በጆሮ እንደሚነገር ምስጢር ዝቅ አድርጋ ስትዘፍነው ሰው ሁሉ ወደፊት ዘንበል ብሎ ይሰማት ነበር። ይህን ልዩነት በልምምድ ጊዜ ማረም የአዘጋጇ ድርሻ ነበር።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የምለው ብዙ ነው። ትኬት የሚያዘው በስልክ ሲሆን፣ ስልኩን የሚያነሡት ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ናቸው፤ የያዙትንም ሰው ስም በአንድ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። እኔ ከአሥር ቀን በፊት ደውዬ ወንበር ይዤ ነበር። ስደርስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ፤ ደብተሩ ሲገለጥም የሁለታችን ስም በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተጽፎ ተገኘ። ሥራ አስኪያጇ አልተከራከሩም፤ ይቅርታ ጠይቀው የራሳቸውን ወንበር ከኋላ አምጥተው ከመተላለፊያው ጎን አስቀመጡልኝ። ላፕቶፑ ፊት የተቀመጡት በተገለበጠ የመሣሪያ ሣጥን ላይ እንደነበር ያየሁት ከትርዒቱ በኋላ ነው። ደግነቱን አልዘነጋሁትም፤ ነገር ግን ደግነት በሥርዓት የተያዘ መዝገብን አይተካም።

ሰዓትም አያከብሩም። ትርዒቱ ከተባለው 25 ደቂቃ ዘግይቶ ጀመረ። እንደ ዕድል ሆኖ ኦፔራው የሚከፈተው ኡቤርቶ ለሦስት ሰዓት የጠበቀው ትኩስ ቸኮላታ እስካሁን አልመጣለትም ብሎ ሲበግን ነው፤ ብቻውን የሚዘፍነው የመጀመሪያ ዜማው፣ አሪያው፣ ሰውን የሚገድሉ ሦስት ነገሮችን ይቆጥራል፦ የሚጠብቁት ሳይመጣ መቅረቱ፣ ተኝተው እንቅልፍ ማጣት፣ በሚገባ አገልግሎ አለመወደድ። የመጀመሪያው በትርጉሙ ሰሌዳ ላይ ሲበራ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ በከፊል ለኡቤርቶ፣ በከፊል ለእኛው ነበር። ሦስተኛው ሲበራ ግን እኔ ሳላስበው ዞር ብዬ ወደ መጨረሻው ረድፍ ተመለከትኩ።

ከመድረክ በላይ ትርጉም ማሳየት እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የተጀመረ ልማድ ሲሆን፣ ዛሬ ያለ እርሱ በባዕድ ቋንቋ የሚዘፈን ኦፔራ የሚያቀርብ ጥቂት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቁልፍ መጫን ነው። ነገር ግን ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው አይሠራውም፤ በቀልድ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ መቅደም ቀልዱን ይገድላል። ሰርፒና ጌታዋን ለማስቀናት ወታደር እጮኛ አለኝ ብላ ትዋሻለች፤ ስሙ ማን ይባላል ሲላትም ካፒታን ቴምፔስታ ትለዋለች፤ በእኛ አፍ ሻምበል ማዕበል እንደማለት ነው። ሥራ አስኪያጇ ቁልፉን ቀድመው ስለተጫኑት ስሙ በሰሌዳው ላይ በራና ሶፕራኖዋ አፏን ሳትከፍት ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሱ ግን አልደነገጠም፤ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ካነበበ በኋላ፣ እንደተረዳ ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ሶፕራኖዋ ዞሮ እጁን ዘርግቶ «ቀጥዪ» አላት። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው በለጠ። ከዚያ በኋላ ድምፁም ለአዳራሹ ልክ ሆነ፤ የምሽቱ ምርጥ ክፍልም ከዚያ ስህተት ወዲህ ያለው ነው።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ መያዙ ለኦፔራ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦፔራ ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ ትኬት ለሚገዛ ሕዝብ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1637 ቬኒስ ውስጥ በሳን ካሲያኖ ቴአትር ነው፤ ያቀረቡትም ብዙ ሀብት የነበራቸው ሰዎች ሳይሆኑ አንድ አነስተኛ ቡድን ነበር። ቤኔዴቶ ፌራሪ ጽሑፉን ጽፎ ቴኦርቦ የተባለውን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ ተጫወተ፤ ፍራንቼስኮ ማኔሊ ሙዚቃውን ደርሶ ራሱም ዘፈነ፤ ባለቤቱ ማዳሌናም ከዘፋኞቹ አንዷ ነበረች። ስለዚህ መርፌና ላፕቶፕ በአንድ እጅ የያዙትን ሥራ አስኪያጅ እንደ ጉድለት ብቻ ማየት የኦፔራን አነሣሥ መርሳት ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በኒው ዮርክ ባወሪ ጎዳና 107 ወንበር ብቻ በነበረው ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው የአማቶ ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1948 በአንቶኒና በሳሊ አማቶ ተመሥርቶ፣ ባልየው ሲመሩና ሲያዘጋጁ፣ ሚስትየው ሲዘፍኑ፣ አልባሳቱን ሲሠሩና መብራቱን ሲቆጣጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለብዙ ወጣት ዘፋኞች የመጀመሪያ መድረክ ሆኖ ኖረ። ሳሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ዐረፉ፤ ቡድኑም እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። ከሰው ጋር የተሠራ ቤት ከሰው ጋር ይሄዳል። የእኛዎቹም ሥራ አስኪያጅ ስልኩን፣ ደብተሩን፣ መርፌውንና ሰሌዳውን ለማንም አላካፈሉም፤ አዘጋጇ በምሽቱ ምንም ሥራ ሳይኖራት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስትመለከት፣ ቁልፉን ለምን እርሷ አትጫንም ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ጠንካራ ሰው ሥራ አሳልፎ ለመስጠት ሲቸግረው ቡድኑ በአንድ ሰው ጤና ላይ ይንጠለጠላል።

በአንድ ጉዳይ ግን ከብዙ ትልልቅ ቤቶች ይበልጣሉ። በፕሮግራሙ ጀርባ የእያንዳንዱን ዘፋኝና ሙዚቀኛ ስም ከነሥራው ከዘረዘሩ በኋላ፣ ለልምምዱ ቀናትም ለትርዒቱም እኩል እንደሚከፈላቸው በሁለት መስመር ጽፈዋል። ወጣት ዘፋኞች «ለልምድ ይጠቅምሃል» እየተባሉ በነጻ መዝፈን በለመዱበት ሙያ፣ ይህን በወረቀት አስፍሮ ለተመልካች መስጠት ራስን ለተጠያቂነት ማቅረብ ነው። ቬስፖኔን የተጫወተው ተዋናይ አንድም ቃል ሳይናገር ከሁለቱ ዘፋኞች ጋር እኩል ተጽፎ ማየቴም አስደስቶኛል።

እንግዲህ ሂዱ እላለሁ። ከመሐል ረድፍ ይልቅ የጎኑን ምረጡ፤ ከዚያ የሙዚቃ ዳይሬክተሩ እጅ ይታያል። ወንበራችሁንም ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ቀጥሎ ሊያቀርቡ ያሰቡት እ.ኤ.አ. በ1959 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የፑሌንክን «ላ ቯ ዩሜን»፣ «የሰው ድምፅ» እንደማለት፣ ነው፤ አንዲት ሴት ከተለያት ፍቅረኛዋ ጋር በስልክ የምታወራበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዘፋኝ ብቻ ያለበት ሥራ ነው። የዚህኛው የባለመብት ክፍያ ስላለበት ገንዘቡን እያሰባሰቡ እንደሆነ ሥራ አስኪያጇ ነገሩኝ። ከመውጣቴ በፊት ደብተሩን ለምኜ ስሜንና የወንበሬን ቁጥር በራሴ እጅ፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። እርሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንብበው፣ በእርሳሳቸው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።