ዩኒየን ስቴሽን ላይ እናቴን ለተቀበላት ባለ ቀይ ኮፍያ

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ያላችሁ፣ በተለይ እናት አባቶቻችሁን በባቡር የምታመላልሱ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

እማዬ ፊላደልፊያ እህቴ ጋ ከርማ ሰሞኑን ወደ እኔ መጣች። እኔ ያለሁት ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ ነው። ከፊላደልፊያ የሚመጣው የረጅም መንገድ ባቡር፣ አምትራክ፣ ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ማርክ የሚባለውን የሜሪላንድ ባቡር፣ የብራንስዊክ መስመሩን፣ መያዝ ነው። ለኔና ለናንተ ቀላል ነው። እሷ ግን እንግሊዝኛዋ ከ"ቴንክዩ" አያልፍም፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሻንጣውን ደግሞ የሞላችው እህቴ ናት፣ ሌላ ምን ልበላችሁ። እኔ ከሥራ መውጣት አልቻልኩም። ብወጣስ በዚያ ሰዓት የ270ን መንገድ ማን ይችለዋል?

እህቴ ትኬቱን ስትቆርጥ እርዳታ እንደሚያስፈልጋት አስመዘገበች። ዋሽንግተን ስትደርስ ሬድ ካፕ (ቀይ ኮፍያ) ከሚባሉት፣ መንገደኛና ሻንጣ ከሚያግዙት የአምትራክ ሠራተኞች አንዱ ፉርጎው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጠና ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቁጥሬን ወረቀት ላይ ይዛ ነበርና ደወለልኝ። "እናትህ እኔ ጋ ናት፣ ወዴት ነው የምትሄደው?" አለኝ። ነገርኩት። "ጊዜ አላት፣ መጀመሪያ ትቀመጥ" ብሎ ዘጋው።

የአምትራክ ትኬት ማርክ ላይ አይሠራም፣ ሌላ መቁረጥ ያስፈልጋል። ማሽኑ ጋ ወስዶ የትኛውን እንደምትነካ በጣቱ እያሳየ አስቆረጣት፣ የካርዷን ቁጥር ስታስገባ ግን ፊቱን አዙሮ ቆመ። እማዬ ይቺን ለሰው ሁሉ ታወራለች። "ጨዋ ልጅ!" ትላለች፣ ሰውዬው ስልሳ ሳይሞላው አይቀርም እኮ። ከዚያ ባቡሩ ውስጥ አስቀምጧት፣ የት እንደምትወርድ ለኮንዳክተሩ ነግሮ ሄደ። ጀርመንታውን መድረኩ ዝቅ ያለ ስለሆነ በደረጃ ነው የሚወረደው፤ ኮንዳክተሩ ሻንጣውን አውርዶ እጇን ይዞ አወረዳት።

የሬድ ካፕ አገልግሎት ነፃ ነው። ቲፕ በፈቃዳችሁ ነው፣ እኔ ግን ስጡ እላለሁ። እማዬ ቲፑ ላይ ዳቦ ቆሎ ጨምራለታለች፣ እዚያው ቆሞ በላላት። ሻንጣችሁን ዩኒፎርም ለሌለው ሰው እንዳትሰጡ ብቻ።

ቀኑንና ሰዓቱን ግን አደራ። ብራንስዊክ መስመር ቅዳሜና እሁድ የለም። በሥራ ቀንም ጠዋት ወደ ዲሲ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ይወጣል፤ አምትራኩን ጠዋት የሚያደርስ ከቆረጣችሁ እዚያ ስትቀመጡ ትውላላችሁ። ባቡሩ ካመለጠ ከዚያው ጣቢያ ሥር ሜትሮ ሬድ ላይን አለ። ወደ ሼዲ ግሮቭ የሚለውን ይዛችሁ መጨረሻው ላይ መውረድ፣ ከዚያ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው ባስ ወይም የሚቀበል ሰው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ ማርክን ባትጠብቁ ይሻላል፣ ሬድ ላይን ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ የናንተው ግን ግሌንሞንት የሚለው ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። ሁለቱም ጫፍ ሜሪላንድ ስለሆነ ለእንግዳ ሰው ስትነግሩ "ሬድ ላይን ያዝ" ብላችሁ አትተዉት።

ወንድሜ፣ ይሄን ባታነበውም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጉልበትህን ያድስልህ። የእማዬን መመለሻ የሥራ ቀን ጠዋት ላይ ነው የምቆርጠው፣ ማርኩም እንዲገጥምላት፣ ምናልባት አንተም ተረኛ ከሆንክ።