ስንት ኢንች ብዬ ሄጄ፣ ስንት ኪሎ ብለው የመለሱኝ መካኒክ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ወር ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት ሰውየው ስማቸውም ፎቷቸውም እንዳይወጣ ስላስጠነቀቁኝ ነው። «ስልኬን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ያንተን መኪና ሁለተኛ አልነካም» ነው ያሉኝ፤ ያሉትን ደግሞ ያደርጋሉ። ስለዚህ እዚህ «ጋሼ» እያልኩ እጽፋለሁ። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ ወይም ፒክአፕ ኖሯችሁ ከፍ ለማስደረግ የምታስቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። ጋራዣቸው ጎፋ አካባቢ ነው። ከውጭ ምንም ምልክት ስለሌለው ብቻችሁን አታገኙትም።

ለማታውቁኝ፣ አስጎብኚ ሹፌር ነኝ፤ መኪናዋም የራሴ ናት። 105 ላንድክሩዘር፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቀድሞ የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት የነበረች። ፊትም ኋላም ሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ) ነው ያላት፣ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሳንቃ) የላትም። የፊት አክሰሏም (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ብረት) እንደ ኋላው ድፍን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንን መኪና የሚመለከት ስለሆነ ሃይሉክስ ያላችሁ ቃል በቃል አትውሰዱት።

ነገሩ የተጀመረው ከኤርታሌ ነው። በአፍዴራ በኩል ስትገቡ አሸዋው አልቆ ያ ጥቁር የገሞራ ድንጋይ ሲጀምር የኔዋ ሆዷ እየተፋቀ ነበር የምትሄደው። ሞላው ደክሟል። ሰው ሲሳፈር ቂጧ መሬት ሊነካ ይደርሳል፣ ማታ ስነዳ መብራቷ ዛፍ ላይ ነው የሚያበራው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም። የደከመውን ሞላ ሳይቀይሩ ስፔሰር፣ ማለትም ከፍ የሚያደርግ ማስገቢያ፣ ጨምረውበት በግማሽ ቀን አስረከቡኝ። ቆማ ስትታይ ታምራለች። የሰፈር ሰው «መኪና ቀየርክ እንዴ?» እያለኝ እኔም ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የነዳ ያውቀዋል፣ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ከተሳቢ ተያይዞ ነው የሚመጣው። በ90 እየሄድኩ አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ንፋሱ መኪናዋን ገፋት። መሪውን ስመልሰው ዘገየ፣ ከዚያ ደግሞ ከፈለግሁት በላይ ተመለሰ። ጀልባ የምቀዝፍ መሰለኝ። ከኋላ ባልና ሚስት ከስምንት ዓመት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ «እንደገና!» ብሎ ሳቀ፣ አባቱ ግን አልሳቀም። እስከ ሰመራ ከ60 በላይ አልነዳሁም። እዚያ ደርሼ ከሥር ስገባ ሁለቱም የኋላ አሞርዛተሮች (የሞላውን ንረት የሚያረግቡት) ዘይት እያለቀሱ ነው። ለካ መኪናዋ ከፍ ስትል እነሱ በድሮ ቁመታቸው ስለቀሩ በየጉድጓዱ እስከ ጫፋቸው እየተጎተቱ ነበር።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ስደርስ ከአንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ሥር ተኝተዋል፣ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አራት ኢንች እንዲያነሱልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ኪሎ ትጭናለህ?» አሉኝ ከዚያው ከሥር።

«እኔ እንጃ... አምስት ሰው፣ ውሃ፣ መጠባበቂያ ናፍጣ፣ ድንኳን...»

«እኔ እንጃ የሚባል ሞላ የለም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ ቃሊቲ ላኩኝ፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ። ሁለት ጊዜ አስመዝን አሉኝ፤ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ለአፋር እንደምጭነው ጭኜ። በሁለቱም ጊዜ የፊቱ ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ። ከልቤ ተናድጄ ነበር የሄድኩት። ገንዘብ ይዤ መጥቼ ጄሪካን ሙላ፣ ፍራሽ ጫን፣ አምስት ጎረምሳ ለምነህ አሳፍር እባላለሁ? ሚዛኑ ላይ ያለው ልጅም ጤፍ የጫነ መኪና እየጠበቀ እኔን ሲያየኝ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

ባዶዋን 2,380 ኪሎ፣ ሙሉውን 3,240 ኪሎ። ከተጨመረው 860 ኪሎ ውስጥ 690ው ያረፈው የኋላ አክሰል ላይ ነው። ጋሼ ወረቀቱን አይተው የመኪናውን መጽሐፍ አውጥቼ የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አልፌ ነበር። «ሞላ ብቀይርልህ ይሄ ቁጥር አይቀየርም። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክሰሉ ያው ነው» አሉና ጠመኔ አንስተው የጋራዡ ወለል ላይ ሁለት መደብ አሰመሩ። በአንዱ ከመኪናዋ የማይወርደውን፣ በሌላው የሚመጣና የሚሄደውን አስጻፉኝ።

ዓይኔ የተከፈተው እዚያ ወለል ላይ ነው። ፖርቶመጋላው፣ በላዩ ያስበየድኩት የብረት ሳጥን፣ ሁለተኛው ተቀያሪ ጎማ፣ መሣሪያው፣ ወፍራሙ የፊት ብረት። ይህ ሁሉ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስም አብሮኝ ይዞራል። ሰው፣ ሻንጣ፣ ውሃና ናፍጣ ግን በጉዞ ቀን ብቻ ነው። «በዓመት ስንት ቀን ነው እንዲህ የምትጭነው?» አሉኝ። ደብተሬን አወጣሁ፤ ባለፈው ዓመት 70 ቀን አልሞላም።

ሞላ የሚመረጠው ሁልጊዜ በሚሸከመው ጭነት ነው። ፋብሪካዎቹ ለአንድ ዓይነት መኪና ቁመቱ ተመሳሳይ ሆኖ ጥንካሬው የተለያየ ሞላ ይሠራሉ፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለከባድ ቋሚ ጭነት። እኔ ከባዱን ነበር የምገዛው። ከባዱ ደግሞ ባዶ መኪና ሥር ሲገባ አይታጠፍም፤ ሰው ያንገጫግጫል፣ ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት መያዙን ትቶ ይዘላል። ጋሼ የመካከለኛውን አዘዙ፣ 50 ሚሊ ሜትር (ሁለት ኢንች ገደማ) የሚያነሳውን። ለጉዞ ቀን ደግሞ በኋላው ሞላ ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት አለ፤ ስጭን እነፋዋለሁ፣ ስመለስ አስተነፍሰዋለሁ።

«አራት ኢንቹስ?» አልኩ፣ አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም።

«ድንጋይ የሚነካህ የትኛው ነው?»

«ዲፈረንሻሉ።» አክሰሉ ላይ ያለውን እብጠት ማለቴ ነው።

«ሻንሲውን ሰማይ ብታደርሰው ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አይነሳም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ አክሰሉ ድፍን ስለሆነ ሞላው የሚያነሳው ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን አጽም፣ እና ከላዩ ያለውን ብቻ ነው። ሆድ፣ ደረጃና የኋላ መከላከያ ከፍ ይላሉ፣ ድንጋይ ላይ ስንወጣ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ቦታም ይሰፋል። 275/70 የነበረውን ጎማዬን በዚያው በ16 ቸርኬ ወደ 285/75 ስቀይረው ዲፈረንሻሉ ከፍ ያለው 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ከዚያ በኋላ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እውነተኛው 105 ነው። ትራፊክ ፖሊስ ይህን ሰበብ አይቀበልም፣ ሞክሬዋለሁ።

ዕቃው የመጣው ከዱባይ ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ መዋል ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ እዚህ የሚጠየቀው ዋጋ በየሳምንቱ ይለያይ ስለነበር እዚያ ያለችው እህቴ ገዝታ ላከችልኝ። ከመኪና ጋር ያላት ትውውቅ ታክሲ መሳፈር ብቻ ነው። ጋሼ በስልክ «የ105፣ መካከለኛ ጭነት፣ 50 ሚሊ፣ አሞርዛተሩ ከሞላው ጋር አብሮ የሚሄድ» ብለው አስጠንተዋት ሱቁ ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም ደገመችላቸው። የአውስትራሊያ ሥሪቱን ኦልድ ማን ኢሙ አገኘች። ሻጩ የሌላ ድርጅት አሞርዛተር በቅናሽ ልስጥሽ ሲላት እምቢ ማለቷን ሳስብ አሁንም እኮራባታለሁ። ሞላና አሞርዛተር ለየብቻ እየተለቀሙ ሲገዙ አንዱ የሚገፋውን ሌላው መያዝ ያቅተዋል።

ገጠማው ሁለት ቀን ፈጀ። ሞላና አሞርዛተሩ ጠዋቱን ብቻ ነው የወሰደው፤ የቀረው ጊዜ ያኛው ጋራዥ ላልነካቸው ነገሮች ነው የሄደው። አንደኛው ካስተር፣ ማለትም የፊት ጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል፣ ነው። የዚህን መኪና የፊት አክሰል ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ወደ ታች ስለሚያዘነብሉ አክሰሉ ትንሽ ይዞራል፣ መሪው በራሱ ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩን ያጣል። ያ በጅቡቲ መንገድ የደረሰብኝ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሃል ወደ ጎን የወጣ ጎሚኒ (የላስቲክ ማስገቢያ) ክንዶቹ ላይ መግጠም ነው። ሁለተኛው የኋላ ፍሬን ነው። በኔዋ ላይ አንድ ዘንግ ከአክሰሉ ወደ ፍሬን ቫልቭ ይሄዳል፣ ቫልቩም ቂጧ ዝቅ ማለቷን አይቶ ጭነት መኖሩን ያውቃል። ከፍ ስትደረግ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ስለሚያስብ ለኋላ ጎማ የሚሰጠውን ፍሬን ይቀንሳል። ጋሼ የዘንጉን መያዣ በዚያው ልክ ከፍ አደረጉት። ለአንድ ዓመት ሙሉ በግማሽ የኋላ ፍሬን ሰው ይዤ ስዞር እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፣ ማታም እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፍሬን ቱቦዎቹም ጎማው ተንጠልጥሎ ሲለኩ ተወጥረው ስለተገኙ በረጃጅሞች ተቀየሩ።

አንዱ ረዳታቸው የክንዶቹን ዳዶ መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች ሊያጠብቅ ሲል ጮሁበት። ጎማዋ መሬት ነክቶ፣ ክብደቷ አርፎ ነው መጥበቅ ያለበት፤ ተንጠልጥላ ከተጠበቀች ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ በጥቂት ወርም ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ የመብራት ማስተካከያ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ተመልሼ ሁሉም ብሎን እንደገና ተፈተሸ። ለዚህኛው ምንም አልተቀበሉኝም።

ጥር ላይ ኤርታሌ ደርሼ መጣሁ። የውሃ ጄሪካኖቹን ከፖርቶመጋላው አውርጄ ወንበር ሥር አድርጌያለሁ፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ስለሆነ ስድስቱ 120 ኪሎ ከጣሪያ ወረደ ማለት ነው። የብረት ሳጥኑንም ቆርጬ ሸጥኩት። በዚያው የሚሌ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ተሳቢ ሲያልፈኝ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ ነበር። ኮረኮንቹን ጨርሼ ስቆም ጋሼ እንዳዘዙኝ አራቱንም አሞርዛተር በእጄ ጠጋ ብዬ ሞከርኩ። «ሁሉም እኩል መሞቅ አለበት፣ የቀዘቀዘው ሥራ ፈት ነው» ብለውኛል። አራቱም ሞቀዋል። ድንጋዩ ላይ ሆዷ የተነካው አንዴ ነው፣ እሱም የኔ ጥፋት ነው።

ሃይሉክስና ፕራዶ ላላችሁ ጋሼ የነገሩኝን ላስተላልፍ። የፊት ጎማችሁ ለየብቻው ስለሚንቀሳቀስ ከ50 ሚሊ ብዙ ካለፋችሁ ድራይቭ ሻፍቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ሁልጊዜ ተጣሞ ይሽከረከራል፣ የመገጣጠሚያው የላስቲክ ሽፋንም ቶሎ ይቀደዳል። ባሌስትራ ላይ ደግሞ አክሰሉን የሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን ከተፈታ አሮጌው ተመልሶ አይታሰር፣ አዲስ ይግባ። ለየት ያለ ጥያቄ ካላችሁ እሳቸውን ጠይቁ፣ እኔ ሹፌር ነኝ።

ለእውነቱ፣ ጉድለትም አላቸው። ሰኞ ካሏችሁ ረቡዕ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ስልክ አያነሱም። በወር በ12 ሚካኤል ስለሆነ ጋራዡ ዝግ ነው። «ፈጠን ይበሉልኝ» ካላችኋቸው መፍቻውን አስቀምጠው ሻይ ያዛሉ። የተረፈውን የዕቃ ገንዘብ ግን ከነደረሰኙ ፖስታ ውስጥ አድርገው የመለሱልኝ እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ የስምንት ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ጋር ለፋሲካ ቱርሚ ሊሄድ ነው፣ በዚችው መኪና።

እሳቸው ጋ የምትሄዱ መጀመሪያ ቃሊቲ እለፉ። የባዶውንና የሙሉውን ሁለት ወረቀት ሳትይዙ ከደረሳችሁ ሻይ ጋብዘው ይመልሷችኋል።