ቱዱ፣ ቶዶይስት፣ ትሬሎ ወይስ ሰንጠረዥ? ከመክፈላችሁ በፊት

«የዕለት ሥራዬን በየትኛው አፕ ልያዝ?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆች ሳያቋርጥ ይመጣል። አብዛኛው ጠያቂ የዓመት ክፍያ ከፍሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት አፑን መክፈት ያቆመ ነው። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሥራው የግላችሁ ከሆነ ማይክሮሶፍት ቱዱን ጫኑ፤ ምንም አትከፍሉም። ሥራው ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ የሚያልቅ ከሆነ ትሬሎን በነጻው ደረጃ ተጠቀሙ። ቶዶይስት ጎበዝ አፕ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ለቱዱ የማደላው በዋጋው ነው። የሚከፈልበት ደረጃ ጭራሽ የለውም። አስታዋሽ፣ ተደጋጋሚ ሥራ፣ ዝርዝርን ለሌላ ሰው ማጋራት፣ እስከ 25 ሜጋባይት ፋይል ማያያዝ፣ ሁሉም በነጻ ነው። የዛሬ ሥራ የሚሰፍርበት ገጽም በየሌሊቱ ራሱን ባዶ ያደርጋል። ያላለቀው ሥራ አይጠፋም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ይቆይና በማግስቱ ጠዋት እንደ ሐሳብ ይቀርብላችኋል፤ ትመርጡታላችሁ ወይም ትተዉታላችሁ። የትናንት ውዝፍ ተከምሮ ስለማይጠብቃችሁ አፑን ለመክፈት አትሰለቹም። ጠዋት ጠዋት ከአምስት ወይም ከስድስት ሥራ በላይ አታስገቡበት።

ቶዶይስት በነጻው ደረጃ 5 የግል ፕሮጀክት ብቻ ይፈቅዳል። ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት፣ ገንዘብ፣ ጤና ብላችሁ ስትከፍቱ አለቀ፤ ስድስተኛውን ስትጨምሩ ክፍያ ይጠይቃችኋል። ዋጋው ደግሞ ባለበት አይቆምም። በዓመት 36 ዶላር የነበረው 48 ሆነ፤ ቀጥሎ 60 ገባ። በየወሩ የሚከፍል ሰው 7 ዶላር ስለሚያወጣ በዓመት 84 ይደርስበታል። ለዚህ ገንዘብ ከሚነሡት ምክንያቶች ትልቁ ቀንን ከጽሑፍ ላይ አንብቦ መመዝገቡ ነው፤ አማርኛ ግን አያነብም። «ነገ» ብላችሁ ብትጽፉ ከሥራው ስም ጋር ቀላቅሎ ያልፈዋል። ወይ በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ ወይ ከካላንደሩ ላይ መምረጥ ግድ ነው። ከካላንደር መምረጥ ከሆነ ቱዱም ያስመርጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቶዶይስት በእርግጥ ይበልጣል። በየ 3 ወሩ የሚቀየር የውኃ ማጣሪያ አለ እንበል፤ እናንተ 20 ቀን ዘግይታችሁ ቀየራችሁት። ቱዱ ቀጣዩን ቀን የሚቆጥረው መጀመሪያ ከታቀደው ቀን ስለሆነ አስታዋሹ 20 ቀን ቀድሞ ይመጣል። ቶዶይስት ላይ «ኤቭሪ» (every) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኋላ ቃለ አጋኖ ካደረጋችሁ (every!) ሥራው ከተጠናቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ይህ በነጻው ደረጃም ይሠራል፤ የጥገና ሥራ የሚበዛባችሁ ከሆነ ለእሱ ብቻ ጫኑት።

የብዙ ሰው ሥራ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ትሬሎ ላይ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ነው፤ ካርዱ በሰሌዳ ላይ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይንቀሳቀሳል። አራት ረድፍ ክፈቱ፦ የሚሠራ፣ በእጅ ያለ፣ መልስ የሚጠበቅበት፣ ያለቀ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሥራ የሚጠፋው ግን እዚያ ነው፤ ኢሜይል ተልኮ መልስ ያልመጣለት፣ ፊርማ የሚጠብቅ፣ ዕቃ ታዝዞ ያልደረሰ ሁሉ «በእጅ ያለ» በሚለው ሥር ተቀምጦ የተያዘ ይመስላል። ካርዱ ላይ «በጀት» ብላችሁ አትተዉት፤ «የበጀቱን ረቂቅ ለሒሳብ ክፍል መላክ» በሉ፣ አንድ ባለቤትና አንድ ቀን ስጡት። ሁለት ባለቤት ያለው ካርድ ባለቤት የለውም። ያለቁትን ካርዶች በየሳምንቱ ወደ ማኅደር አስገቡ፤ ካልሆነ ረድፉ ሁለት መቶ ካርድ ደርሶ ስልክ ላይ ለመክፈት ያስቸግራል።

የትሬሎ ነጻ ደረጃ በአንድ የሥራ ቦታ (የቡድኑ ሰሌዳዎች በአፑ ውስጥ የሚሰበሰቡበት፣ «ዎርክስፔስ») እስከ 10 ሰውና እስከ 10 ሰሌዳ ይይዛል። ለአንድ ቀን ብላችሁ የጋበዛችሁት እንግዳም ከ10ሩ ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲያልፍ ሰሌዳዎቹ ለማየት ብቻ ይሆኑና ማንም ካርድ ማንቀሳቀስ አይችልም። ይህ የሚደርሰው ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት ስለሆነ ብዙዎች ተደናግጠው ይከፍላሉ። የዓመቱን አንዴ ለሚከፍል ዝቅተኛው ዋጋ ለአንድ ሰው በወር 5 ዶላር ነው፤ ለ11 ሰው በዓመት 660 ዶላር ይመጣል። መጀመሪያ ሥራውን የጨረሰውን እንግዳ አስወጡ።

ከመክፈል በፊት የጋራ ሰንጠረዥም ሞክሩ። ጉግል ሺትስ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ሥራ፣ ባለቤት፣ የመጨረሻ ቀን፣ ሁኔታ፣ ማስታወሻ። ሁኔታውን ሰው እንዳሻው እንዳይጽፈው ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጉት። ችግሩ አንድ ሰው አንዱን ዓምድ ብቻ መርጦ ቅደም ተከተሉን ሲቀይር ነው፤ ቀኑ ከሥራው ይለያይና ሰንጠረዡ ይዘበራረቃል። ያኔ በእጅ ለማስተካከል አትታገሉ፤ ከፋይል ሜኑ የቀድሞ ቅጂዎችን ታሪክ ከፍታችሁ ከብልሽቱ በፊት ያለውን መልሱ።

ኖሽን የተባለው አፕ ለሰነድና ለመዝገብ ግሩም ነው። ለዕለት ሥራ ዝርዝር ግን አልመክረውም፤ ሰው ገጽ ሲያስውብ ሥራው ሳይሠራ ይመሻል።

አሁን ገንዘብ በከንቱ ወደሚፈስበት ልምጣ። «ፕሪሚየሙ የተከፈተ» እየተባለ የሚዞር የተነካካ አፕ አትጫኑ። ክፍያ መፈጸሙ የሚረጋገጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ፋይል ተነካካ ማለት ደረጃው ተከፈተ ማለት አይደለም። የስልኩን ስክሪን የማንበብ ፈቃድ ከጠየቀማ ወዲያው አጥፉት። በርካሽ የሚሸጥ የጋራ አካውንትም ያው ነው። ሻጩ እናንተን የሚያስገባው እሱ በሚያዝበት የሥራ ቦታ ስለሆነ፣ እሱ መክፈል ያቆመ ወይም ያስወጣችሁ ቀን ሥራችሁ እዚያው ይቀራል። ስሙ የሚመሳሰል አፕ ስታዩ የአዘጋጁን ስም አረጋግጡ፦ የቱዱ ማይክሮሶፍት፣ የቶዶይስት ዶይስት፣ የትሬሎ አትላሲያን ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጥም፤ ፕሌይ ስቶር ላይ የመገለጫ ሥዕላችሁን ነክታችሁ «ክፍያዎችና የደንበኝነት ምዝገባዎች» ውስጥ ገብታችሁ ሰርዙ።

«አስታዋሹ አይደውልም» ብሎ አፕ የሚቀያይር ሰው ብዙ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአፑ አይደለም፤ ባትሪ ለመቆጠብ ስልኩ ራሱ አፑን ያስተኛዋል። ሴቲንግ ውስጥ አፖች የሚለውን ከፍታችሁ አፑን ምረጡ፣ የባትሪውን ምርጫ «ያልተገደበ» አድርጉት። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ለብቻው ስለሚጠየቅ መስጠታችሁን ተመልከቱ። ሻዎሚ ስልክ የያዘ ሰው ከዚህ ሌላ አፑ በራሱ እንዲነሣ መፍቀድ አለበት። ከዚያ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚደውል አስታዋሽ ሙሉና ስክሪኑን ቆልፉት። ከደወለ ለማግስት ጠዋት ሌላ ሞልታችሁ ስልኩን ሳትነኩት አሳድሩት፤ የሌሊቱን ፈተና ያለፈ ሌላ ጊዜም ብዙውን ጊዜ አይከዳችሁም።

ከመምረጣችሁ በፊት መውጫውንም እዩ። ዋንደርሊስት የተባለውን የሥራ ዝርዝር አፕ ማይክሮሶፍት በ2015 ገዝቶ በ2020 ዘግቶታል፤ ነጻም ሆነ የተከፈለበት አፕ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ትሬሎ በነጻው ደረጃ የሚያወጣላችሁ ፋይል ጄሰን (JSON) የተባለው፣ ከሰው ይልቅ ለፕሮግራም የሚመች ነው፤ ሰንጠረዥ ላይ በቀጥታ የሚከፈተው ቅጂ ለከፋይ ብቻ ነው። ቱዱ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያወጣ ቁልፍ የለውም፤ ግን እያንዳንዱን ዝርዝር ማተም ወይም በኢሜይል መላክ ይቻላል፤ በወር አንዴ ዋና ዋናዎቹን ወደ ራሳችሁ ላኩ። የማይክሮሶፍትም የጉግልም አካውንት 2 ዓመት ካልተገባበት ሊዘጋ ስለሚችል፣ የማትጠቀሙበትን የድሮ አካውንት ለዚህ ሥራ አትምረጡት።