ለአዘዞዋ ሲስተር ምስጋና፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ልጆች። እህቴ በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ፣ 2.7 ኪሎ! እልልታውን አድርሰናል፤ ምስጋናው ግን ለአንዲት ሚድዋይፍ ይቀራል። አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው የምትሠራው። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ሌላ ከተማ ሲወለድ 1.9 ኪሎ ነበር። ከ2.5 ኪሎ በታች ሲሆን ዝቅተኛ የልደት ክብደት ይባላል። ለምን አነሰ ብለን ስንጠይቅ «አንዳንዱ እንዲሁ ነው» ተባልን። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፣ ተመስገን። ጥያቄው ግን ከእህቴ ሆድ አልወጣም።

ሲስተር ገና በመጀመሪያው ቀን ይህን ታሪክ ጠየቀቻት። ግፊቷንና የክንዷን ዙሪያ ለካች፤ ደምና ሽንት አስመረመረች። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሟ ክፍል፣ 9.4 ሆኖ ተገኘ። በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ለሕፃኑ ኦክስጅን የሚያደርሰው የእናት ደም ስለሆነ፣ የእሷ ሲያንስ የእሱም ድርሻ ያንሳል። ሲስተር ይህን ወረቀት ላይ እየሳለች ነው ያስረዳችን። የአይረን እንክብሉን ሰጥታ «በቡናና በሻይ ሰዓት እንዳትውጪው፣ አይረኑ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያደርጉታል» አለቻት። ጎንደር ላይ ቡና የማይፈላበት ሰዓት መፈለግ ቀላል አይደለም፣ ግን ተገኘ።

እናታችን ደግሞ «ልጁ ተልቆ ምጥ እንዳይከብዳት ትንሽ ትብላ» ባይ ነበረች። ሲስተር አልተቆጣቻትም። «እማማ፣ ከሲታ ሆኖ የተወለደ ልጅ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ለመጥባትም ጉልበት ያጥረዋል። እሷ ካልበላች እሱ ከየት ያምጣ?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ምስሩንና ጎመኑን ጨምሪ እያለች የምትለምናት እናቴ ራሷ ሆነች።

በስምንተኛው ወር ግፊቷ 145/95 ወጣ፤ ሽንቷ ላይም ፕሮቲን ታየ። እህቴ ምንም አልተሰማትም ነበር። ሲስተር ግን ለነገ አላለችም፤ ደውላ በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላከቻት። እንዲህ ያለ ግፊት ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ሕፃኑ እድገቱ ይዘገያል፣ የእናትየዋም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ሐኪሞቹ በቅርብ ሲከታተሏት ቆይተው 37 ሳምንት ሲሞላት ምጡን በመድኃኒት አስጀመሩላት። ለእነሱም ምስጋናችን ከልብ ነው።

ወረፋ ስንጠብቅ ሌሎችንም ስትመክር ሰምቻታለሁ። ከደምቢያ ለመጣች እናት አጎበሩን አደራ ስትል ነበር፤ ወባ እንግዴ ልጁ ውስጥ ገብቶ ሕፃኑን ያቀጭጨዋልና። ስኳር ላለባት ደግሞ ልጁ ከመጠን በላይ ሊተልቅ እንደሚችል፣ ሲወለድም የደሙ ስኳር ድንገት ሊወርድ እንደሚችል ነገረቻት። ትልቅ ልጅ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ እኔም ያኔ ገባኝ።

እርጉዝ የሆናችሁ፣ ወይም እርጉዝ ሚስትና እህት ያላችሁ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሂዱ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ፊትና እጅ ካበጠ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ሲስተር፣ የሕፃኗ ክርስትና በ80 ቀኗ ነው። እናቴ ጠላውን ላንቺ ብላ እንደምትጠምቅ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፤ ብትቀሪ ትቀየምሻለች።