ሪፖርቱ ከወጣ በኋላስ? የጂኤኦ ድረ ገጽ በአንድ የውስጥ ኦዲተር ዓይን

የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ቀኔን የማሳልፈው የክፍያ ማዘዣና ደረሰኝ ሳገላብጥ ነው። በመሥሪያ ቤቴ ስላለ አንድ ያልተወራረደ የቅድሚያ ክፍያ ሦስት ዓመት ተከታትዬ ጽፌያለሁ። በሦስተኛው ዓመት የአምናውን አንቀጽ ገልብጬ ቀኑን ብቻ ስቀይር እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ። ማንም እንዳላነበበው ገባኝ። ሌሎች ይህን ነገር እንዴት ነው የሚሠሩት ብዬ መፈለግ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ፍለጋዬ ጂኤኦ ድረ ገጽ ላይ አደረሰኝ። ጂኤኦ የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ነው። ተጠሪነቱ ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን ለኮንግረሱ ነው። በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቋቋም ሥራው በአብዛኛው እንደኔው ደረሰኝ በደረሰኝ ማጣራት ነበር። በስሙ ውስጥ የነበረው «ሂሳብ» የሚለው ቃል በ«ተጠያቂነት» የተተካው በ2004 ነው። ዋና ኦዲተሩ የሚሾመው ለአንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን የሥራ ዘመኑ 15 ዓመት ነው። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ዛሬ የጻፈው ግኝት ነገ ወንበሩን እንደማያሳጣው የሚያውቅ ሰው ብዕሩ አይንቀጠቀጥም።

አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ተመዝገቡ፣ ክፈሉ የለም። አንድ ሪፖርት ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ነው። ምን እንደተገኘ፣ ኦዲቱ ለምን እንደተደረገ፣ ምን መስተካከል እንዳለበት እዚያው ላይ ተቀምጧል። ጊዜ የሌለው ሰው እሱን አንብቦ መውጣት ይችላል። እኔ ግን ቀጥታ ወደ መጨረሻው ነው የምሄደው። ኦዲት የተደረገው መሥሪያ ቤት የላከው መልስ ደብዳቤ እንዳለ፣ ከነፊርማው፣ በአባሪነት ተያይዞ ይገኛል። «እንስማማለን» ካለ ብሏል። «አንስማማም» ካለም ምክንያቱ ይታያል፤ ኦዲተሮቹም ለምን ከአቋማቸው እንዳልተነሱ ያስረዳሉ። እኛ ጋ በመውጫ ስብሰባ (ኦዲቱ ሲያልቅ ከኃላፊዎቹ ጋር በሚደረገው ውይይት) ላይ ተብሎ እዚያው አየር ላይ የሚቀረው ክርክር እዚህ ወረቀት ላይ አለ።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ የማሻሻያ ሀሳብ በተናጠል ተዘርዝሮ ከጎኑ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ተጽፏል፤ «ክፍት»፣ «ተዘግቷል፣ ተፈጽሟል» ወይም «ተዘግቷል፣ አልተፈጸመም»። ሥሩ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እስካሁን ምን እንዳደረገና ምን እንደቀረው በአጭሩ ይነገራል። ሪፖርቱ የቆየ ቢሆን እንኳ መስመሩ በየጊዜው ይታደሳል። ያየሁት ሁሉ ከዚህ አይበልጥብኝም። በአራት ዓመት ውስጥ ከማሻሻያ ሀሳቦቹ ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት እንደሚፈጸሙ ራሳቸው በየዓመቱ ያሳውቃሉ። ጂኤኦ ማንንም አስገድዶ ማስፈጸም አይችልም። ሥልጣኑ መምከር ነው። እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው ያቺ «ክፍት» የምትል ቃል በሕዝብ ፊት ሳትነሳ መቆየቷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቁጥሮቹም ልንገራችሁ። በ2024 በጀት ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አግባብ ያልሆነ ብለው የገመቱት ክፍያ 162 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አግባብ ያልሆነ ክፍያ ሁሉ ስርቆት አይደለም። ልኩ የተሳሳተ ወይም ማስረጃ የጎደለው ክፍያም እዚያ ውስጥ ይገባል። ድረ ገጹ ልዩነቱን ደጋግሞ ያስረዳል፤ ቁጥሩን ነጥሎ የሚያራግብ ሰው ነው የሚያሳስተው። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ለብክነትና ለማጭበርበር በጣም የተጋለጡ ዘርፎችን ዝርዝር ያወጣሉ፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሱታል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ከመጀመሪያው ዝርዝር አንስቶ እዚያው አለ።

የራሳቸውን መንግሥት አጠቃላይ ሂሳብም አይምሩትም። ከ1997 በጀት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጡት ውጤት አንድ ነው፦ አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም፤ ማለትም ሂሳቡ ትክክል ነው ወይም አይደለም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሂሳብ ችግር ነው። ይህን በየዓመቱ ሳይታክቱ መጻፍ ወኔ ይጠይቃል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሪፖርቶቹ ረጃጅም ናቸው። የመሥሪያ ቤቶቹ ምህጻረ ቃል ብዛት ራስ ያዞራል፤ እኔ መጀመሪያ አካባቢ አጠገቤ ወረቀት ይዤ እየጻፍኩ ነበር የማነበው። ምስጢራዊ የሆኑት አይለጠፉም። «አልተፈጸመም» ተብሎ የተዘጋ ሀሳብ ሳይ ደግሞ ሆዴ ይቃጠላል፤ እሱን የጻፈው ኦዲተር ስንት ሰነድ እንዳገላበጠ አውቃለሁና። ቢሆንም የክዋኔ ኦዲት፣ ማለትም ሥራው ውጤታማ መሆኑን የሚመረምር ኦዲት፣ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ጀማሪ ኦዲተሮች ሲጠይቁኝ አንድ ሪፖርት ብቻ መርጣችሁ ከደብዳቤው ጀምራችሁ ወደ ኋላ አንብቡት እላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ለራሴ ሥራ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ግኝቱ፣ የማሻሻያ ሀሳቡ፣ የኃላፊው መልስ፣ ዛሬ ያለበት ሁኔታ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያንን የቅድሚያ ክፍያ አስገባሁ። አራተኛው ዓምድ ላይ «ክፍት» ብዬ ጻፍኩና ለማኔጅመንቱ ላክሁት።